ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ለምታስጽፈው ነርስ

በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፦ እኛ በሕክምና አስተርጓሚነት የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ነን። መውለድ ላልቻሉ ሰዎች እንቁላላቸውን ለመለገስ የሚገቡ እህቶቻችንን አጅበን ብዙ ክሊኒክ ረግጠናል። ዛሬ አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው የጻፍነው። ስሜን አደባባይ አታውጡት ስላለችን አንጠራትም፤ በውስጥ ለጠየቀን ግን እንነግራለን።

ምሬታችንን እናስቀድም። አንድ ሌላ ቦታ፣ ለአንዲት ለጋሽ የመጨረሻዋ መርፌ ሰዓት በስልክ ተተረጎመላት፦ «አስር ሰዓት ተኩል»። ሐኪሙ ያሰበው የፈረንጁን የማታ 10:30 ነው። ልጅቷ የሰማችው የእኛን፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን አስር ተኩል። ስድስት ሰዓት ቀድማ ወጋችው። ያቺ መርፌ እንቁላሎቹን የምታበስል ናት፤ ከተወጋች ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ መወሰድ አለባቸው፣ ብዙ ከዘገየ እንቁላሉን የያዘው ከረጢት በራሱ ይፈነዳና ያመልጣሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ሆዷን ስትወጋ ከርማ 42ኛው ሰዓት ላይ አልጋ ላይ ወጣች፤ ከረጢቶቹ ባዶ። «በደንብ አልሰማሽም» ተባለች። በማግስቱ አንድ ሰው ደውሎ መቼ እንደወጋችው ቢጠይቃት ቀጠሮውን ማስቀደም ይቻል ነበር። ስህተቱ የኛ የሙያ ባልደረባም ነው፤ ለዚህ ነው የሚያንገበግበን።

ይቺ ነርስ ወረቀት ታወጣና መሃሉን ታሰምረዋለች። በአንድ በኩል «በእነሱ»፣ በሌላው «በእኛ»። እሑድ 10:30 ፒኤም፤ እሑድ ማታ 4:30። የምትጽፈው ለጋሿ ናት፣ በራሷ እጅ። ከዚያ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የስልኳን ማንቂያ እዚያው ትሞላለች። ሰኞ ጠዋት ነርሷ ትደውላለች፦ «የኔ እህት፣ ስንት ሰዓት ላይ ወጋሽው? ከተሳሳትሽም አልቆጣም፣ ብቻ አሁኑኑ ንገሪኝ።» እግዜር ይስጥልን፣ ሌላ ምን እንላለን።

ከመጀመሪያውም ቢሆን አታዋክብም። በአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ለጋሽ ከ21 እስከ 34 ዓመት ብትሆን ይመረጣል፣ በዕድሜዋም ከስድስት ዙር በላይ ባትለግስ ይመከራል፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ ለግሰሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ትጠይቃለች። የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የቂጥኝ ምርመራው ሲደገም «ባለፈው ሰጥቼ የለ?» ለምትል ደግሞ ታስረዳለች፦ ሕጉ የሚቀበለው እንቁላሉ ከመወሰዱ በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ የተደረገውን ነው።

እንቁላሎቹን የሚያሳድገው የማነቃቂያ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ መጠኑ እንደ ሰውነቱ ይለያያል፣ ብዙዎቹ በቀን ከ150 እስከ 300 ዩኒት ይታዘዝላቸዋል። እዚህ ላይ የሴቲቱን እጅ ማየት ነው። ሜኖፑር የሚባለው ዱቄት በብልቃጥ 75 ዩኒት ነው። ሦስት ብልቃጥ የታዘዘላት ለእያንዳንዱ አብሮ ከሚመጣው ማሟሚያ አንድ አንድ ሚሊ ሊትር ትጨምርና ሦስት ሚሊ ሊትር ልትወጋ ትነሳለች፤ ሆድ ያቃጥላል። ነርሷ ያንኑ አንድ ሚሊ ሊትር ከመጀመሪያው ብልቃጥ ስባ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ታዛውራለች። አይናጥም፣ በመዳፍ መሃል ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። አልኮሉ ሳይደርቅ መውጋት የለም። ከእምብርት ሁለት ጣት ራቅ፣ ዛሬ ቀኝ ነገ ግራ። ጎናል ኤፍ የሚባለው ሌላው ማነቃቂያ በብዕር መልክ ነው የሚመጣው፤ ብዕሩ ወግታችሁ ስታበቁ ዜሮ ካላሳየ፣ የቀረው ቁጥር ያልገባው መጠን ነው፤ በሌላ ብዕር ይሞላል።

ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ቀን ወዲያ እንቁላሉ ቀድሞ እንዳይወጣ የሚከለክል ሌላ መርፌ ይጨመራል። የተወጋው ቦታ ቢቀላና ቢያሳክክ አትደንግጡ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድና ደም ይኖራል፤ ትልልቆቹ ከረጢቶች ከ17 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሲደርሱ ነው ያቺ የማታ መርፌ የምትታዘዘው።

የጾም ነገር! ሌላ ቦታ «ወተትና ሥጋ ብዪ» ብለው ያልፋሉ። እሷ ጾሙን ፍቺ አትልም፤ ምስርና ሽሮው ይብዛ፣ ግን ውሃ አይቋረጥ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆድ ባዶ መዋልም በዚህ ሰሞን ይቅር ትላለች፤ የንስሐ አባቷን እንድታማክርም ትመክራለች። ፌጦም ጥቁር አዝሙድም የምትወስዱ ከሆነ አትደብቁ። ለማደንዘዣው የሚጾመው ግን ሌላ ነው፦ ክሊኒኩ ካለው ሰዓት በኋላ እህል የለም፤ ውሃም እነሱ እስከፈቀዱት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው።

መውሰዱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። የሚወስዳችሁ ሰው ይኑር፣ መንዳት አይፈቀድም። ትንሽ ደምና የወር አበባ ዓይነት ቁርጠት ይጠበቃል። ያበጠ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመነጨው እጢ) ሊጠማዘዝ ስለሚችል ሩጫ፣ እስክስታና ከባድ ማንሳት እስከሚቀጥለው የወር አበባ ይቆያል። ግንኙነትም እንዲሁ፤ ያመለጡ እንቁላሎች ካሉ መንታ ሊያስረግዙ ይችላሉ። በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ከጨመራችሁ፣ ሽንት ካነሰ፣ ትውከት ከጠና፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ድንገት ኃይለኛ ሕመም በአንድ ጎን ከያዛችሁ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ። እሷ ታነሳለች። ሌላ ቦታ የድምፅ መልእክት ነው የሚያነሳው።

ስለ ገንዘቡና ስለ ውሉ አታወራም፤ የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ ብላ ትልካለች፣ ይህንንም እንወድላታለን። እኛ ግን ሁለት ነገር እንጨምር። የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት በ2015 ክፍያው ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው ብሎ ወስኗል፤ ጥቂቱን አስቀምጡ። «ስምሽ አይታወቅም» የሚላችሁንም አትመኑ፤ ኮሎራዶ ከ2025 ጀምሮ ስም የለሽ ልገሳን በሕግ አስቀርታለች፣ በሌላውም ግዛት ቢሆን የዲኤንኤ ምርመራ ዘመድ ያገናኛል።

እሷ ዘንድ ሂዱ። የምትለግስ እህት፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ካለቻችሁ ላኩልን፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፣ በእነሱ ከ3 እስከ 5 ፒኤም ትገኛለች።