ጥቅስ የሚታተምባት ትንሽ ሱቅ

በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ ተለጥፈው የምናነባቸው፣ ስለ ድፍረት፣ ስለ ተስፋና ስለ ዕድል የሚናገሩ ጥቅሶች የሚታተሙባት አንዲት ጠባብ ሱቅ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ትገኛለች። ደንበኞቿ በአብዛኛው ሹፌሮችና ረዳቶች ቢሆኑም፣ ለቢሮው ወይም ለሳሎኑ ግድግዳ የሚገዛም አይጠፋም።

ምርጫው ሰፊ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም እኩል አይደለም። «ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርስ» የሚለው በቢጫ መደብ ላይ በወፍራም ጥቁር ፊደል የታተመ በመሆኑ ከኋላ ወንበር እንኳ ያለ ችግር ይነበባል፤ በዚያ ላይ የማይነቀነቅ የሚመስለው ነገር ሁሉ ቀኑን ጠብቆ እንደሚናድ በአራት ቃል ብቻ ስለሚናገር፣ ለዕለት ገቢው ሲሯሯጥ ለሚውል ሰው ከረጅም ምክር ይልቅ ቶሎ ልብ ውስጥ ይገባል። «ሳይደግስ አይጣላም» የሚለውንም ወድጄዋለሁ፤ መከራውን ሳይክድ ተስፋ ይሰጣልና። ከውጭ ቋንቋ በችኮላ የተመለሱት የስኬት ጥቅሶች ግን ቃላቸው የበዛ፣ ፍሬያቸው ያነሰ ነው፤ እንዲያውም ስለ ጀግንነት የሚሰብከው አንደኛው «ድፍረት»ን «ድፈረት» ብሎ ጽፎታል (አራሚም ድፍረት ሳያስፈልገው አይቀርም)።

የራሱን ጥቅስ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ባለሙያው ፊደሉንና ቀለሙን በኮምፒዩተር እያሳየ በትዕግሥት ያስመርጣል። ዋናው ጉድለት ማጣበቂያው ነው፦ ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ላይ ጠርዙ ቶሎ ይላጣል፤ ስለዚህ ለመኪና የሚገዛ ሰው ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም በፕላስቲክ የተሸፈነውን ቢመርጥ ይሻለዋል።