የሚታጠፈው የመስታወት ሳጥን ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ሳጥኑ ይቆይ፣ ፕላስቲኩ ይውጣ

እጁ የተቆረጠ ሰው የሌለው እጁ ያመዋል፤ ይህን ሕመም የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ክንዱ ከክርን በታች የለም፤ ጣቶቹ ግን ተጨብጠው አንፈታም ይላሉ፣ ጥፍር መዳፍ ይበሳል፣ አውራ ጣት ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ የደሴ ብርድ ሲጠና የሚብስበትም ብዙ ነው። የሚታጠፈውን የመስታወት ሳጥን የገዛሁት ለዚህ ሕመም ነው፤ ወራት ተጠቅሜበት ስለ አንድ ጉድለቱ ይህን ያህል የምጽፈውም ሕመሙ እንደዋዛ የሚታለፍ ስላልሆነ ነው። ጉድለቱ መስታወቱ ላይ ነው። ይጎብጣል።

ሳጥኑ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ጨርቅ የለበሱ ሦስት ገጾች አሉት፤ በአንዱ ላይ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አክሪሊክ፣ ማለትም የፕላስቲክ መስታወት ተለጥፏል። ሲከፈት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፣ ሲታጠፍ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ማጠፊያውም ጨርቁም እስካሁን ደህና ናቸው። ቀሪው ክንድ ከመስታወቱ ጀርባ ይደበቃል፤ ደህናው እጅ ከፊቱ ይቀመጣል፤ ዓይን ምስሉን ሲያይ የሌለው እጅ በቦታው ያለና የሚታዘዝ ሆኖ ይታየዋል። ዘዴውን በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ራማቻንድራን የተባለ የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ነው። የእሱ ሳጥን ክዳኑ የተነሳ ካርቶንና በመሃሉ የቆመ መስታወት ነበር። «ልዩ ቴክኖሎጂ» እያለ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ካለ ይህን ይስማልኝ፤ ሥራውን የሚሠራው መስታወቱ ነው፣ መስታወት ደግሞ ዝርግ መሆን አለበት።

አክሪሊክ በሙቀት ከእውነተኛ መስታወት ሰባት ስምንት እጥፍ ይለጠጣል። 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው አክሪሊክ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እውነተኛው መስታወት በዚያው ሙቀት 0.1 እንኳ አይሞላም። 0.7 ምን አላት እንዳይባል፦ ሁለቱ ጫፎች በማጣበቂያ ከተያዙ ትርፏ መሄጃ ስለሌላት መሃሉ ይነሳል፣ ጫፎቹ ጨርሶ ካልላሉም እስከ 1 ሴንቲሜትር ይደርሳል። እርጥበትም አክሪሊክን ያሳብጠዋል። ይህ ሳጥን ጫፎቹ ሁሉ የተለጠፉ ናቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሌሊት በብርድ ያደረ ሳጥን ቀን ሚኒባስ መስኮት ሥር ፀሐይ እየመታው ወደ ሐርቡ ወይም ወደ ባቲ ሲወርድ የ20 ዲግሪ ልዩነት በቀላሉ ይመጣል። ሲቀዘቅዝም ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ማጣበቂያው አንዴ ስለተንሸራተተ ጉብጠቱ ይቀራል።

«ትንሽ ቢጎብጥ ምን ቸገረ፣ ፊት እንኳ ያሳያል» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ወደ ውስጥ የጎደጎደ መስታወት እጅን ያገዝፋል፣ ወደ ውጭ ያበጠ ያሳንሳል፤ መሃሉ ብቻ ሲነሳ ደግሞ ጣቶች በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይረዝማሉ ያጥራሉ። የሌለው እጅ በአእምሮ ውስጥ የራሱ መጠን አለው። ምስሉ ከዚያ ጋር ካልገጠመ «ይህ የእኔ እጅ ነው» የሚለው ስሜት አይመጣም፤ እሱ ካልመጣ ደግሞ የቀረው መስታወት ማየት ብቻ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ሥር የሰደደ የእጅ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚያማቸውን እጅ በማጉያ መነጽር አግዝፈው እያዩ ሲያንቀሳቅሱ ሕመሙና እብጠቱ እንደሚጨምር፣ አሳንሰው ሲያዩ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እነዚያ ሰዎች እጃቸው አልተቆረጠም፤ ነገር ግን የምስል መጠን ሕመም ላይ ሥራ እንዳለው ለማሳየት ይበቃል። በዚህ ሳጥን መሃሉ ሲጎደጉድ ጭብጡ እጅ አብጦ ይታያል፣ መጨበጡም ይጠብቃል። ለማስታገስ የተገዛ ዕቃ ሕመም ሲጨምር ዝም አይባልም።

ሁለተኛው ክርክር «አይሰበርም፣ ቀላል ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ለልጅ ጥሩ ነው። ግን ይጫጫራል። «በአልኮል ጥረጉት» የሚል ምክር ከተሰጣችሁ አትስሙ፤ አልኮል አክሪሊክን ፀጉር በሚያክል ስንጥቅ ይሞላዋል። ለብ ባለ ውኃና ጥቂት ሳሙና ባለው ለስላሳ ጨርቅ ብቻ፣ አቧራውን መጀመሪያ በውኃ አውርዶ።

ዝርግነቱን ለመፈተን ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ መስታወቱ ላይ በቁመትም በወርድም በሰያፍም አስደግፉ። ከመሃሉ ሥር ብርሃን ከታየ ጎድጉዷል፤ ማስመሪያው መሃሉ ላይ ቆሞ ጫፎቹ ከተወዛወዙ አብጧል። ከዚያ የበር ወይም የመስኮት ጠርዝ በመስታወቱ እያያችሁ ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ፤ ጠርዙ ከተጥመለመለ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፈተናው ለእውነተኛ መስታወትም ያገለግላል፣ ርካሹ አንዳንዴ ሞገድ አለው።

መፍትሔው ደሴ ፒያሳም ሆነ ወልድያ ባለ መስታወት ቆራጭ እጅ ላይ ነው። እውነተኛ መስታወት፣ 4 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 40 በ50 ሴንቲሜትር፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተሞርዶ። ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 2 ሚሊሜትሩን አትግዙ፣ ይተጣጠፋል፣ ቶሎም ይሰበራል። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው የብዙ ሰው ክንድ በ50 ውስጥ ይገባል፤ ረጅም ሰው 55 ያስቆርጥ። ጀርባውን በሰፊ ፕላስተር ከጫፍ ጫፍ ሸፍኑት፤ ቢሰበር ስብርባሪው አይበተንም። ፕላስቲኩን ከሳጥኑ አውጥታችሁ መስታወቱን ስታስገቡ አራቱንም ጠርዝ አትለጥፉ፤ የታችኛው ጠርዝ ቦይ በወጣለት ጣውላ ውስጥ ይቁም፣ ላይኛው በሁለት መያዣ ብቻ ላላ ብሎ ይያዝ። የሳጥኑ መሠረት ለ2 ኪሎ የተሠራ ስላልሆነ ጣውላው ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ወርድ ይኑረው፣ አለዚያ በክርን ሲነካ ይወድቃል። ይህን ካደረግሁ ወዲህ ነው ሳጥኑ ሳጥን የሆነው። ጭብጡ መፈታት የጀመረው በዝርጉ መስታወት ነው፤ ይህንን ሳልናገር ብቀር ደግሞ ለዘዴው ግፍ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ የሻጩ ወረቀት ሁለት መስመር ብቻ ስላለው እዚህ ልዘርዝረው። ሰው ሠራሽ እጁን ከነማሰሪያው፣ የክንድ ካልሲውንም አውልቁ። ሶኬቱ፣ ማለትም ቀሪው ክንድ የሚገባበት የሰው ሠራሽ እጁ ክፍል፣ ያቀላው ቆዳ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ ሶኬቱ ቦታውን እየጫነ ነው፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው። ከደህናው እጅ ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ይውጣ፤ የሌለው እጅ ያላደረገው ነገር ምስሉ ላይ ካለ ዓይን አይታለልም። ሂና ወይም እንሶስላ የሞቀ እጅም እስኪለቅ ያው ችግር አለበት። ጠረጴዛው ክርን በምቾት የሚያርፍበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ መስታወቱ በደረታችሁ መሃል ትክክል ይቁም፣ ብርሃን ከፊት ይምጣ። ጭንቅላታችሁን ወደ ደህናው እጅ ትንሽ ዘንበል አድርጉ፣ ቀሪው ክንድ ፈጽሞ እንዳይታይ።

መጀመሪያ አታንቀሳቅሱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ምስሉን ብቻ እዩ። ከዚያ ደህናውን እጅ የሌለው እጅ በሚሰማችሁ ቅርጽ አስቀምጡት፤ ተጨብጦ ከሆነ ጨብጡ፣ አውራ ጣቱ ከገባ አስገቡ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ እጁን ወዲያው ይከፍታል፤ የሌለው እጅ እንደተጨበጠ ምስሉ ብቻውን ይከፈታል፣ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ምንም አይሠራም። ከገጠሙ በኋላ ሁለቱንም እኩል፣ በጣም በዝግታ ክፈቱ። ቀጥሎ አውራ ጣትን ከእያንዳንዱ ጣት ጋር ማገናኘት፣ የእጅ አንጓን ማጠፍ፣ መዳፍን መገልበጥ። ዕቃ የሚገባው ይህ ያለ ሕመም ሲያልፍ ነው፤ ሲኒ ማንሳት፣ ሎሚ ማንከባለል፣ ተስቢህ ወይም መቁጠሪያ በጣት ማሳለፍ። እጁ የለመደው ሥራ ከማንኛውም የልምምድ ኳስ ይበልጣል።

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፣ በየቀኑ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) እግራቸው በተቆረጠ 22 ሰዎች ላይ የተሠራው የታወቀ ጥናት በቀን 15 ደቂቃ ለ4 ሳምንት ነበር። ከጨረሱት ውስጥ መስታወት ያዩት 6ቱም ሕመማቸው ቀነሰ፤ መስታወቱ ከተሸፈነባቸው 6 ሰዎች አንዱ ብቻ ቀለለው፤ እንቅስቃሴውን በሐሳብ ብቻ ካደረጉት 6 ደግሞ አራቱ ባሰባቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ጥናቱም የእግር ነው፤ «ዓይንህን ጨፍነህ አስበው፣ ያው ነው» ለሚል ግን መልስ ይሆናል። «በሳምንት ይድናል» ብሎ የሚሸጥም እዚሁ መልሱን ያገኛል። ከመጀመራችሁ በፊት፣ እንደጨረሳችሁና ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ጻፉ። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ ወይም የሕመም መጨመር ከመጣ አቁሙ፤ በማግስቱ በአምስት ደቂቃ ጀምሩ። የሌለው እጃቸው አጥሮ ወደ ቀሪው ክንድ ጫፍ የተሰበሰበ የሚመስላቸው ሰዎች በመስታወቱ የሚጠቀሙት ያነሰ ነው፤ እነሱ ካልሠራላቸው ስንፍና አይደለም። ሁለቱም እጁ ለሌለው ሰው ደግሞ ሳጥኑ ፈጽሞ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ሕመሙ የትኛው እንደሆነ ይለይ። የቀሪውን ክንድ ጫፍ በጣት ቀስ ብላችሁ ስትመቱ አንድ ነጥብ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ የተቆረጠው ነርቭ ጫፍ አብጦ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሐኪም እንጂ መስታወት አይረዳም፤ ሶኬቱም እዚያ ነጥብ ላይ እንዳይጫን መታረም አለበት። ሐኪም ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን የተባለ መድኃኒት ካዘዘ ሳጥን ተገዛ ተብሎ አይቆምም፤ ጋባፔንቲን በተለይ ድንገት አይቋረጥም። የቤተሰብም ነገር አለ። «አብሽር፣ የሌለ እጅ አያምም» ማለት በፍቅር ቢሆንም ይጎዳል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ የሚፈጠረውም በነርቭና በአንጎል ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሳጥኑ ፊት ሲቀመጥ ክፍሉን ጸጥ ማድረግ ከማጽናኛው ይበልጥ ይረዳዋል።

ሳጥኑን ድጋሚ እገዛለሁ ወይ? በዚህ መስታወት፣ አልገዛም። ለሻጩ የተከፈለው ዋጋ መስታወት ቆራጩ ከጠየቀው በብዙ ይበልጣል፣ ያሻለኝ ግን የቆራጩ ነው። ግዴታ የሚታጠፍ የሚያስፈልገው፣ መንገደኛ የሆነ ሰው፣ አክሪሊኩ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር የሆነና በአንድ ጠርዝ ብቻ የተያዘ ይፈልግ፤ ፀሐይ ላይና መኪና ውስጥ አይተወው። ሱቅ ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ። ሻጩ ማሸጊያውን ከፍቶ ካላስለካችሁ ተዉለት፤ 40 በ50፣ 4 ሚሊሜትር፣ ጠርዙ የተሞረደ ብላችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለመስታወት ቆራጩ ስጡት።