ሚኒራል፣ ከፊል ሲንተቲክ ወይስ ሙሉ ሲንተቲክ፦ ለጎንደር መኪኖች የሞተር ዘይት ንጽጽር

ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉት የመለዋወጫ ሱቆች፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ባለ አራት ሊትር የሞተር ዘይቶች የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ሆኖ ማግኘት የተለመደ ነው። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ «ጥሩውን ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩም ውዱን ያወርድለታል። ውዱ ዘይት ለአንዳንድ ሞተር በእርግጥ የሚያስፈልግ ነው፤ ለሌላው ግን ተጨማሪው ገንዘብ የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ ያረጁ ሞተሮች ላይ እንዲያውም ርካሹ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ይገባልና ምርጫው ከበፊቱ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሆኗል።

ሦስቱ ዓይነቶች በምን ይለያያሉ?

ሚኒራል ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች መጠናቸውም ቅርጻቸውም አንድ ወጥ አይደለም፤ ቀላሎቹ በሙቀት ቶሎ ይተናሉ፣ ሰም ያላቸው ደግሞ በብርድ ይረጋሉ። ሙሉ ሲንተቲክ የሚባለው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው፣ ከድፍድፍ የተገኘውን ዘይት በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ ሞለኪውሎቹን እንደገና ማስተካከል ነው፤ ይህ በዘርፉ አከፋፈል ምድብ ሦስት ይባላል። ሁለተኛው፣ ፖሊአልፋኦሌፊን የተባለውን ፈሳሽ ከኤትሊን ጋዝ ተነሥቶ በኬሚካል መገንባት ሲሆን፣ ይህኛው ምድብ አራት ነው። ከፊል ሲንተቲክ የሁለቱ ወገን ድብልቅ ነው፤ የሲንተቲኩ ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ግን በጣሳው ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ገዢው በተለይ ሊያውቀው የሚገባው፣ «ሙሉ ሲንተቲክ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ሁለት ጣሳዎችን እኩል የማያደርግ መሆኑን ነው። በአሜሪካ የማስታወቂያ ክርክሮችን የሚመለከተው አካል እ.ኤ.አ. በ1999 በሞቢልና በካስትሮል መካከል የተነሣውን ክርክር ሲቋጭ፣ ምድብ ሦስት ዘይትም ሲንተቲክ ተብሎ ሊሸጥ እንደሚችል ተቀበለ፤ በጀርመን ገበያ ግን ሙሉ ሲንተቲክ የሚለው ስም በጥብቅ የሚያዝ በመሆኑ፣ በሃይድሮጅን የተሠራው ዘይት ለብቻው ሌላ ስም ይሰጠዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ልዩነት ለከተማ መኪና ትልቅ ክብደት የለውም፤ በደንብ የተሠራ ምድብ ሦስት ዘይት ለአብዛኛው የቤት መኪና ከበቂ በላይ ነው። ልዩነቱ የሚሰማው ሞተሩ ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሆኖ ሙቀትና ጭነት ሲበዛበት ነው።

በእጅ ስልክ የአምራቹን የምርት መግለጫ ማግኘት የሚችል ገዢ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ከማስታወቂያ የተሻለ መረጃ ያገኛል። የመጀመሪያው የትነት መጠን ነው፤ ዘይቱ በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት ተሞቆ ስንት በመቶው እንደሚጠፋ የሚለካ ሲሆን፣ ለዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ዘይቶች የተፈቀደው ጣሪያ 15 በመቶ ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ዘይት በየመካከሉ «ጨምርልኝ» አያሰኝም። ሁለተኛው በ150 ዲግሪ ሙቀትና በከፍተኛ ጫና ውስጥ የሚቀረው ውፍረት ነው፤ እንደ 5ደብሊው-30 በስሙ መጨረሻ 30 ለተጻፈበት ዘይት ቢያንስ 2.9፣ ለ5ደብሊው-40 እና ለ10ደብሊው-40 ቢያንስ 3.5 መሆን አለበት። ኮሎ (ዋናው የሞተር ዘንግ) እና የሚሽከረከርበት ብሮንዚን እንዳይነካኩ በመካከላቸው የሚቆመው ስስ የዘይት ሽፋን በዚህ ቁጥር ይወሰናል።

የአምራቾቹ ደረጃ አሰጣጥ ተመሳሳይ ስለሆነ ማነጻጸሩ ቀላል ነው። በቶታል ኳርትዝ 5000 ሚኒራል፣ 7000 ከፊል፣ 9000 ሙሉ ሲንተቲክ ነው፤ በሞቢል ሱፐር ደግሞ 1000፣ 2000 እና 3000 በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ በሼል ሄሊክስም ኤችኤክስ5፣ ኤችኤክስ7፣ ኤችኤክስ8 እያለ አልትራ ላይ ይደርሳል። በአንድ እርከን ላይ ካሉት ውስጥ ስሙን ሳይሆን በጣሳው ጀርባ የተጻፈውን የአገልግሎት ደረጃ እያዩ መምረጥ ይበጃል።

የጎንደር አየርና የጎንደር መንገድ

በ5ደብሊው-30 ውስጥ «ደብሊው» የሚለው ፊደል የፈረንጆቹን ክረምት፣ ማለትም ውርጭና በረዶን የሚያመለክት ነው፤ እኛ ክረምት ስንል የምናስበውን የሐምሌ ዝናብ አይደለም። 5ደብሊው የተባለ ዘይት ሞተር ለማስነሣት ያለው ቅጥነት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው፤ 10ደብሊው ከዜሮ በታች 25፣ 15ደብሊው 20፣ 20ደብሊው ደግሞ 15 ዲግሪ ላይ ይፈተናሉ። ከተማችን በሌሊት የሚደርስባት ብርድ ከዚህ ሁሉ እጅግ የራቀ ነው፤ ደባርቅን አልፎ ሳንቃበር ላይ ያደረ መኪና እንኳ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ «ብርድ ይቋቋማል» ተብሎ ለ0ደብሊው ተጨማሪ መክፈል እዚህ አገር ምክንያት የለውም፤ የመኪናው መመሪያ ራሱ 0ደብሊው-20 ካላዘዘ በቀር። ይሁን እንጂ በ10 ዲግሪ ጠዋትም ቢሆን 5ደብሊው ከ20ደብሊው ቀድሞ ላይኛው የሞተር ክፍል ይደርሳል፤ በየቀኑ ጠዋት የሚቆጥበው ጥቂት ሴኮንድ በዓመታት ሲደመር ቀላል አይደለም።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው ከሰረዙ በኋላ ያለው ሁለተኛው ቁጥር፣ ማለትም ዘይቱ ሲሞቅ የሚኖረው ውፍረት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ አሽከርካሪውም ዳገቱን ለመውጣት በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኸ ይሄዳል። ከመተማ ጭኖ በአይከል በኩል የሚወጣ ፒካፕ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ከሚሞቅ ቆላ ተነሥቶ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ዘይት የሚፈተነው በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው፤ ሙሉ ሲንተቲክ 5ደብሊው-40 ለዋጋው ተመጣጣኝ የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው። በተርቦው ውስጥ የሚያልፈው ዘይት ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ እዚያው ቆሞ ስለሚቃጠል፣ ሚኒራሉ ቶሎ ወደ ከሰልነት ይለወጣል፣ ሲንተቲኩ ይቆያል። የትኛውም ዘይት ቢሞላ ግን አይከል ደርሰው ሲቆሙ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ በሥራ ፈት አቆይቶ ማጥፋት የተርቦን ዕድሜ ይጨምራል።

በመኪናው ዓይነት

ቪቪቲአይ ያላቸው የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች፣ ማለትም በከተማው በብዛት የምናያቸው ቪትዝና ኮሮላ፣ የቫልቮቻቸውን ሰዓት የሚያስተካክሉት በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱም በመንገዱ ላይ በጣም ደቃቅ ወንፊት ያልፋል። ለእነዚህ ከመመሪያቸው የራቀ ወፍራም ዘይትም ሆነ ዝቃጭ የያዘ አሮጌ ዘይት ጠላት ነው። ጤናማ ለሆነ ሞተር 5ደብሊው-30 ሙሉ ሲንተቲክ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። የአንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ ከነፊልትሮው 3.1 ሊትር፣ የ1.5 ሊትሯ ኮሮላ 3.7 ሊትር ገደማ ስለምትወስድ፣ ባለ አራት ሊትሩ ጣሳ ለሁለቱም ይበቃል፤ የሚተርፈውም ለመጨመሪያ ይሆናል።

የራሴን ኮሮላ ስገዛ የቀድሞው ባለቤት 20ደብሊው-50 ሞልቶባት ነበር። ጠዋት ስትነሣ ለሦስት አራት ሴኮንድ ከቴስታታው (ከሞተሩ ላይኛ ክፍል) በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማና ይጠፋል። ዘይቱን ወደ 5ደብሊው-30 ሙሉ ሲንተቲክ ልቀይር ጋራዥ ስገባ መካኒኩ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ በጣቶቹ መካከል እያሸ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ሞተር ወፍራም ዘይት ለምዳለች፤ ቀጭን ከሞላንባት ትበላዋለች» አለኝ። አልሰማሁትም። የጠዋቱ ድምፅ በእርግጥ ጠፋ፤ ነገር ግን በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል መጨመር ግድ ሆነብኝ። ዘይት መብላቱ የመጣው ከልማድ ሳይሆን የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) በማለቁ ነበር፤ ወፍራሙ ዘይት ችግሩን ሸፍኖት ቆይቷል። በመጨረሻ 10ደብሊው-40 ከፊል ሲንተቲክ ላይ ረጋሁ፤ ድምፁም የለም፣ የምጨምረውም ከሩብ ሊትር አይበልጥም። ሞተር ወርዶ እስኪታደስ ድረስ፣ ብዙ ለሠራ መኪና ይህን እርከን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

ተርቦ ለሌላቸው አሮጌ የናፍጣ ሚኒባሶች 15ደብሊው-40 ሚኒራል በቂ ነው፤ ጣሳው ላይ ግን ሲአይ-4 ወይም ከዚያ የበለጠ የናፍጣ ደረጃ መጻፍ አለበት። የጭስ ማጣሪያ የተገጠመላቸው አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ዝቅተኛ አመድ ያለው ዘይት ካልተሞላላቸው ማጣሪያው ይደፈናል፤ ለእነዚህ በአውሮፓው አከፋፈል ሲ3 ወይም መመሪያቸው ያዘዘው ይፈለግ። ቮልስ ያለው ሰው በሲንተቲክ ገንዘቡን አያጥፋ፤ ሞተሩ ከወንፊት በቀር የዘይት ፊልትሮ ስለሌለው፣ የሚጠቅመው ሁለት ሊትር ተኩሏን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው።

የቤንዚን መኪና የአገልግሎት ደረጃ በሁለት ፊደል ይጻፋል፤ ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል ወደ ዜድ በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኤስፒ በ2020 ወጥተዋል፤ ኤስፒ የሰዓት ሰንሰለትን ከመበላት የመጠበቅ ፈተና ተጨምሮበታል። ኤስኤፍ እ.ኤ.አ. እስከ 1988 ድረስ ለተሠሩ መኪኖች የታሰበ ደረጃ ነው፤ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ በ2008 የተሠራች ኮሮላ ላይ መሙላት ትልቅ ስሕተት ነው። ኤስፒ የተጻፈበት ከፊል ሲንተቲክ፣ ደረጃው ካልተጻፈበት «ሙሉ ሲንተቲክ» አብልጦ ይታመናል።

ዋጋውን በኪሎ ሜትር ማስላት

ሲንተቲክ ሻጮች የሚያቀርቡት ስሌት በወረቀት ላይ ትክክል ነው፦ ዋጋው እጥፍ ቢሆንም 10,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ በየ5,000 ከሚቀየረው ሚኒራል ጋር እኩል ይወጣል፤ የአንድ ፊልትሮና የአንድ ቅያሪ የእጅ ዋጋም ይተርፋል። አስቸጋሪው፣ 10,000 የሚለው ለተስተካከለ መንገድና ለረጅም ጉዞ የተሰጠ መሆኑ ነው። አቧራ፣ አጭር ጉዞና ጭነት ባለበት ቶዮታም ራሱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር እንዲቀየር ያዛል። ከአራዳ ማራኪ ልጆችን አድርሶ የሚመለስ መኪና ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ውስጥ የተጠራቀመው የውኃ እንፋሎትና ቤንዚን አይተንም። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ቅባት ካዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ከራዲያተር ውኃ ወደ ዘይቱ ገብቶ እንዳይሆን ግን የራዲያተሩን የውኃ መጠን ማየት አይከፋም። ሲንተቲክነት አቧራውንም ቤንዚኑንም አያስወጣም። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስ መኪና፣ በስድስት ወር የሚቀየር ከፊል ሲንተቲክ፣ ዓመት ሙሉ ከሚቆይ ውድ ሲንተቲክ ይሻላል እላለሁ። ዘይቱ መጥቆሩ ለብቻው የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ በናፍጣ ሞተር በጥቂት ቀን ይጠቁራል።

ከሁሉም በፊት ዘይቱ እውነተኛ መሆን አለበት፤ አስመስሎ ከተሠራ ሲንተቲክ እውነተኛ ሚኒራል እጅግ ይበልጣል። ከአንድ ሱቅ 5ደብሊው-30 የተባለ ጣሳ ገዝቼ በቀዝቃዛ ጠዋት ልሞላ ስል፣ የክዳኑ ቀለበት ተቆርጦ በሙጫ የተያያዘ መሆኑን አየሁ። ከቀድሞው ጣሳ የተረፈኝን ትንሽ ዘይት በአንድ ብርጭቆ፣ አዲሱን በሌላ አድርጌ ሁለቱን እኩል ባጋድላቸው፣ የቀድሞው ወዲያው ሲወርድ አዲሱ እንደ ማር እየተሳበ ቀረ። ሁለቱም ጣሳ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነበር። መለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ከነዳጅ ማደያ ወይም ደረሰኝ ከሚሰጥ ወኪል እገዛለሁ፤ ጣሳው ላይ የታተመው የምርት ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አመሳክራለሁ፤ ክዳኑም እፊቴ እንዲከፈት እጠይቃለሁ። የማስመሰሉ ሥራ የሚሠራው በእኛው ባዶ ጣሳ ስለሆነ፣ ዘይቱ ተቀይሮ ሲያበቃ ጣሳውን ከጋራዡ ሳልወጣ በቢላ እቀደዋለሁ።