ካልቸር የሚሠራ የግል ላቦራቶሪ፦ ምርመራው ጥሩ፣ የውጤት ወረቀቱ ግን ብዙ የሚያወራ

በአዲስ አበባ ካሉት የግል ላቦራቶሪዎች በአንዱ የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የመለየት) ምርመራ ያሠራነው፣ እናቴ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ደጋግማ ስትታመምና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ሊያድናት ሳይችል ሲቀር ነው። የላቦራቶሪውን ስም ያልጠቀስኩት ከዚህ በታች የማነሣቸውን ጉድለቶች በሌሎች ዘንድም ስላየሁ ነው።

የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ በገዛ አንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ ነው። የምንወስደው አንቲባዮቲክ የአንጀት ባክቴሪያዎችንም ስለሚያገኝ፣ መድኃኒቱ የሚገድላቸው ሲያልቁ መድኃኒቱን የተላመዱት በተለቀቀላቸው ቦታ ይራባሉ፤ ሰውየውም ምንም ሳያመው ለወራት ተሸክሟቸው በእጅ፣ በምግብና በውኃ አማካይነት ለቤተሰቡ ሊያጋባቸው ይችላል። በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ በባለሙያዎች እጅ፣ በካቴተር (በሽንት ማውጫ ቱቦ) እና በመታጠቢያ ገንዳ ሳይቀር ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው፣ የመላመዱ ጂን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕላዝሚድ በሚባል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚተላለፍ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ መሆኑ ነው፤ አንዱ ፕላዝሚድ የበርካታ መድኃኒቶችን መቋቋሚያ በአንድነት ይዞ ከኢ. ኮላይ ክሌብሲየላ ወደተባለ ሌላ ባክቴሪያ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሲፕሮ ያልሠራለትን ሰው በግምት ወደ ሴፍትሪያክሶን መርፌ ማሻገር እንደሚታሰበው አስተማማኝ መንገድ አይደለም።

ወደ አገልግሎቱ ስመለስ፣ አቀባበሉ ትሕትና ያለው ነው፤ ወረፋውም አያሰለችም። ናሙና አወሳሰዱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ዕቃውን አቀብላ «እማማ፣ እዚህ ላይ ያምጡልኝ» ከማለት በቀር ምንም አላስረዳችም። ታካሚዋ በቅድሚያ መታጠብ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ሽንት መተውና መካከለኛውን መቀበል እንዳለባት ካልተነገራት፣ ከቆዳ የመጣ ባክቴሪያ አብሮ በቅሎ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። በአንጻሩ ናሙናው ሳይዘራ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደሚገባ ስጠይቅ አረጋግጠውልኛል፤ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፣ ምክንያቱም ሙቀት ባለበት ክፍል የተቀመጠ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያው እየተባዛ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይሆናል።

የምርመራው ሥራ ራሱ የሚመሰገን ነው። የበቀለው ባክቴሪያ በአጋር (ባክቴሪያ በሚበቅልበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ ከተዘራ በኋላ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል፤ በነጋታው በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክፍት ቦታ በሚሊ ሜትር ይለካል። ይህ ላቦራቶሪ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ልኬቱንም ይጽፋል። የሴፍትሪያክሶን ወገን የሆነውን ሴፍታዚዲምን ለብቻውና አንቲባዮቲክ ሰባሪ ኢንዛይምን ከሚያግደው ክላቩላኒክ አሲድ ጋር አድርጎ ያነጻጸረበትንም ጨምሯል፤ ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ባክቴሪያው ኢኤስቢኤል የተባለውን ኢንዛይም እንደሚያመርት ይረጋገጣል። የእናቴ ኢ. ኮላይ እንደዚያ ሆኖ ተገኘ። ይህ ኢንዛይም ሴፍትሪያክሶንን ስለሚሰብረው፣ ሊታዘዝላት የነበረው መርፌ ከወጪና ከሕመም በቀር የሚያተርፍላት ነገር አልነበረም።

ዋናው ቅሬታዬ በውጤት ወረቀቱ ላይ ነው። የተሞከሩት መድኃኒቶች ሁሉ፣ ሜሮፔነምና ኮሊስቲን ሳይቀሩ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ተደርድረዋል፤ ለዚህች ታካሚ የሚስማማው ናይትሮፉራንቶይን ደግሞ ከታች ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲከፍል ናይትሮፉራንቶይንን በቅድሚያ ሊታዘዙ ከሚገባቸው፣ ሜሮፔነምን በጥንቃቄ ከሚታዘዙት፣ ኮሊስቲንን ደግሞ ለመጨረሻ ከሚጠበቁት ወገን መድቧል። ጥሩ ላቦራቶሪ ጥቂት ዓይነት ባክቴሪያዎችን ብቻ የሚያጠቃው ጠባቡ መድኃኒት እንደሚሠራ ካየ ብዙዎቹን የሚያጠቃውን ሰፊውን ከወረቀቱ ላይ ያስቀራል፣ ሐኪሙ ከጠየቀ ብቻም ይነግረዋል። ወረቀቱን ያሳየነው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ሜሮፔነም ላይ መሆኑን ስመለከት የዚህ አሠራር ጥቅም ይበልጥ ገባኝ። ኮሊስቲን ደግሞ በዚህ ዘዴ መለካቱ ራሱ ስሕተት ነው፤ ሞለኪውሉ ትልቅ በመሆኑ በአጋሩ ውስጥ በደንብ ስለማይሰራጭ በወረቀት የሚገኘው ልኬት አይታመንም።

ሜሮፔነምን መቆጠብ የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም። እሱን የሚሰብረው ኤንዲኤም የተባለ ኢንዛይም በመጀመሪያ የታወቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ ከነበረና ስዊድን ውስጥ ከተመረመረ ታካሚ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አህጉራት ይገኛል። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ዝርዝርም ካርባፔነምን (የእነ ሜሮፔነምን ወገን) እና ሦስተኛ ትውልድ ሴፋሎስፖሪንን (የእነ ሴፍትሪያክሶንን ወገን) የተላመዱ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከሁሉ አሳሳቢ በተባለው ምድብ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ሐኪሟ ኩላሊቷን በክሬአቲኒን ምርመራ ካየች በኋላ ናይትሮፉራንቶይን አዘዘችላት፤ ይህ መድኃኒት ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አይሆንም። እናቴም ዳነች።

ዋጋው ከተራው የሽንት ምርመራ ብዙ ይበልጣል። ሕመሙ ለሚመላለስበት፣ መድኃኒት ወስዶ ላልተሻለው፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች ወይም በቅርቡ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በጠቅላላ ምርመራ ጥቅል ውስጥ ካልቸር ጨምሮ ምንም ሕመም ለሌላቸው አረጋውያን መሸጡን ግን አልደግፍም፤ በእርጅና ዘመን ያለ ሕመም በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ውጤቱ ለማያስፈልግ አንቲባዮቲክ በር ይከፍታል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሠራተኛዋ ለማረጋገጫ ድጋሚ ካልቸር እንድናሠራ ጋብዛን ነበር፤ ሐኪሟ የሕመም ስሜት ከሌለ አያስፈልግም ስላለች አልከፈልንም።