ድፍን የፊት አክስል ለሃይሉክስ፦ የባሌስትራ መቀየሪያ ኪት ግምገማ

እ.ኤ.አ. ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ቶዮታ በአንዳንድ ገበያዎች ለሚሸጣቸው ባለ አራት ጎማ ነጂ ፒክአፖች ከፊት የነበረውን ድፍን አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን አንድ ወጥ አካል) አስቀርቶ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበትን፣ በቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ በሚያገለግል ዘንግ) የሚሠራ ሰስፔንሽን አስገባ። ለአስፋልት መልካም ለውጥ ነበር። መኪናውን ከፍ አድርጎ ትልልቅ ጎማ ለሚያስር ሰው ግን የሴሚያክሶቹ (ለየጎማው ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች) መገጣጠሚያዎች ከተሠሩለት ማዕዘን በላይ እየታጠፉ የላስቲክ ሽፋናቸው ይቀደዳል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራሉ። እዚህ የምገመግመው ኪት የድሮውን ድፍን አክስል በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች በተሠራ ሞላ) ላይ መልሶ ለመግጠም የተሠራ ነው።

አክስሉ ራሱ በኪቱ ውስጥ የለም፤ ገዢው እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1985 ከተሠራ መኪና ማግኘት ይኖርበታል። የዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ክፍል) የጥርስ ምጣኔ ከኋላው ጋር ካልገጠመ አራቱም ጎማዎች ሲነዱ ማስተላለፊያው ስለሚጨነቅ፣ ይህን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ግድ ነው። በድካሙ የሚገኘው የጥንካሬ ትርፍ ቀላል አይደለም፤ የድሮው አክስል የዘውድ ማርሽ (በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ክብ ማርሽ) ስፋት 8 ኢንች ሲሆን በኋላ የመጣው የፊት ዲፈረንሻል 7.5 ኢንች ነበር። የቸርኬ ብሎኖቹ አቀማመጥ በሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ያሉት ቸርኬዎች ያገለግላሉ፤ ነገር ግን አክስሉ ጠበብ ያለ መሆኑ በዓይን ይታያል።

የኪቱ ምርጥ ክፍል መሪው ነው። በድሮው መኪና የመሪ ሳጥኑ ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ፣ በአዲሱ ግን ወደ ጎንና ወደ ጎን ይገፋል፤ ኪቱም ይህንኑ ተጠቅሞ ረጅሙን የመሪ ዘንግ ከባሌስትራው በላይ አሻግሮ በማዶ ካለው ጎማ ጋር ያገናኘዋል። ከጎማው መታጠፊያ አናት ላይ የሚታሰረው ክንድ አራት ቀዳዳዎቹ በሾጣጣ ቅርጽ ተሞርደዋል፤ ሾጣጣዎቹ ሮንዴላዎች ሲገቡ ክንዱ ቅንጣት ንቅናቄ አይኖረውም። ዘንጉ ከመሬት ጋር ትይዩ ለመሆን ስለተቃረበ፣ አክስሉ ከፍና ዝቅ ሲል ጎማዎቹን ያለ ነጂው ፈቃድ አይጎትታቸውም። በርካሽ ኪቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ደካማው ጎን የካስተር (ከጎን ሲታይ ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ጉዳይ ነው። አክስሉን ወደ ኋላ አጋድሎ ካስተር መጨመር የዲፈረንሻሉን አፍንጫ (ካርዳኑ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ዘንግ፣ የሚገናኝበትን ጫፍ) ወደ ታች ያወርደዋል፣ የካርዳኑም መገጣጠሚያ (ክሮቸራ) በጠነከረ ማዕዘን ይሠራል፤ አፍንጫውን ቢያነሡት ደግሞ ካስተሩ ይጠፋና መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ በፍጥነትም መኪናው ይዋልላል። ትክክለኛው መፍትሔ የአክስሉን ጫፎች ቆርጦ፣ አዙሮ መልሶ መበየድ ነው፤ ይህም የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ኪቱ አክስሉን ለማጋደል አንድ ጥንድ የብረት ሽብልቅ ብቻ ሰጥቶ ስለ ሁለቱ ፍላጎቶች ግጭት ምንም አይናገርም። እንዲህ ያለ ዋጋ ላለው ዕቃ ይህ ዝምታ ያስወቅሳል።

የቀረው በጎ ነው፤ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ የፍሬን ቱቦዎቹም በቂ ርዝመት አላቸው። የድሮውን የሰስፔንሽን መያዣዎች ከሻንሲው ላይ ቆርጦ ማለስለሱ ግን አሰልቺ ሥራ ነው።

በመንዳት ረገድ፣ የመኪናው አካል በባሌስትራው ላይ ዝቅ ሲል የዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ከፍታ አይቀንስም፤ በድንጋያማ መንገድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ ከባሌስትራው በታች ያለው ክብደት በዝቷል፣ አክስሉም ድፍን ስለሆነ አንዱ ጎማ ያገኘው ጉብታ ለሌላውም ይደርሳል፤ በተቆራረጠ ኮረኮንች ላይ በፍጥነት የሚሄድ ሰው ይቆጭበታል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ብሎኖች ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ መመሪያው ይህን በመጨረሻው ገጽ፣ ከዋስትናው ማሳሰቢያ ሥር ሸጉጦታል።