የድሮ ካርታ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ አንዴ ቆዩ

ተሸውጃለሁ። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

የፔንስልቬንያው ዋዮሚንግ ሸለቆ፣ ማለትም ሰስኳሃና ወንዝ በዊልክስ ባሬና በፒትስተን የሚያልፍበት የድንጋይ ከሰል አገር፣ የድሮ ካርታ ስፈልግ ኦንላይን አንድ ሻጭ አገኘሁ። «ብርቅዬ፣ ከቤትዎ ሥር ያለውን የማዕድን ጉድጓድ የሚያሳይ» ይላል። 85 ዶላር ከፈልኩ።

የመጣልኝ በፕሪንተር የወጣ ወረቀት ነው። እሱስ ይሁን፣ ግን ኅዳጉን ቆርጦታል! መቼ እንደተለካ፣ መቼ እንደታተመ የሚጻፈው እኮ እዚያ ላይ ነው። ስኬሉ 1፡62,500 ነው ብሏል፤ 1 ሴንቲ ሜትር 625 ሜትር ማለት ነው። ማስመሪያ ይዤ በሁለት ድልድዮች መካከል ብለካ ከእውነተኛው ርቀት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለካ ግድግዳ ላይ እንዲያምር አሳድጎ ነው ያተመው፤ ካርታ ሲያድግ ስኬሉም አብሮ እንደሚቀየር ማን ይንገረው።

የሚያበግነው ደግሞ ካርታው በነጻ መገኘቱ ነው። ካርታ የሚያነሳው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ ከእ.ኤ.አ. 1884 ጀምሮ ያሉትን ካርታዎች ስካን አድርጎ ቶፖቪው በሚባለው ገጹ ላይ አስቀምጧል። የቦታውን ስም ጽፋችሁ፣ ዓመቱን መርጣችሁ፣ ከነኅዳጉ ማውረድ ነው። የቅጂ መብት ስለሌለበት አትሞ መሸጡ ወንጀል አይደለም። ብርቅዬ ማለቱ ነው ዓይን ያወጣው።

«ከቤትዎ ሥር» ያለውማ ነጭ ውሸት ነው። ቶፖግራፊ ካርታ የሚያሳየው የምድርን ገጽ ነው፦ ኮንቱሩ (የመሬቱን ከፍታ የሚያሳየው መስመር) ቡናማ፣ ወንዙ ሰማያዊ፣ ሐዲዱና ቤቱ ጥቁር። ቢበዛ የጉድጓድ አፍ ምልክት ታገኙ ይሆናል፤ ውስጥ ለውስጥ የት ድረስ እንደተቆፈረ ግን አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1959 ፖርት ግሪፊት ላይ የኖክስ ማዕድን ማውጫ ከወንዙ ወለል ሥር ከልክ በላይ ተጠግቶ ስለተቆፈረ ውኃው ጣሪያውን ደርምሶ ገባ፣ 12 ሠራተኞች ሞቱ። ካርታው ላይ ወንዙ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል፣ በቃ።

እዚያ አካባቢ ቤት የምትገዙ ከሆነ የፔንስልቬንያን የማዕድን ካርታ አትላስ እዩ፣ እሱም ኦንላይን አለ። ግዛቱ የመሬት መስመጥ ኢንሹራንስም ይሸጣል፤ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ይህን አይሸፍንም።

ሻጩ ገንዘቤን እስካሁን አልመለሰም፣ መልእክቴንም አንብቦ ዝም ብሏል። የግድ የታተመ ካርታ ካማራችሁ የአራቱን ማዕዘን ፎቶ አስልኩ። ካንገራገረ ተዉት።