የነቀዝ ከረጢቱ፦ ፒክስን በይፋት ቆላ ለማሾ ስንጠቀምበት

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾ የሚያመርት ሰው ሁሉ አንድ ጭንቀት አለበት፤ ነቀዝ። ማሾ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎ ገንዘብ ይሆናል። ቀወትና ኤፍራታ ግድም ላይ እንዲህ የተስፋፋውም ለዚህ ነው። ግን ከአውድማ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ዱቄት ማራገፍ ይጀምራል። ስለዚህ ገበሬው በመኸሩ ሰሞን፣ ገበያው በማሾ ተጥለቅልቆ ሳለ፣ ነጋዴው በጠራለት ዋጋ ይሸጣል። እናቴም እንዲሁ ስታደርግ ነው የኖረችው። ዛሬ የምጽፈው ይህን ስለቀየረልን ከረጢት ነው። ፒክስ ይባላል።

ከውጭ ሲያዩት ተራ ማዳበሪያ ነው። ውስጡ ግን አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሁለት ላስቲኮች አሉት። እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን ውፍረት አላቸው። በእጅ ሲዳስሱት ከሱቅ ፌስታል ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ጠንከር ያለ ነው። መድኃኒት አልተቀባም፣ የሚጨመርበትም ነገር የለም። የሚሠራው አየር በመከልከል ብቻ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከአፍሪካ ማሳ መሆኑ ደስ ይለኛል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ላም አተርን ከነቀዝ ለማዳን ሲሠሩ ነው የጀመሩት። ኋላ ላይ ለበቆሎም፣ ለማሽላም፣ ለሌላውም እህል ተሞክሮ ሠራ። ላም አተርን የሚበላው ነቀዝና የእኛን ማሾ የሚበላው ነቀዝ ደግሞ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። እና ለማሾ ከሆነ ከረጢቱ በትክክል ቦታው ላይ ነው ያለው።

ማሾ የነቀዘበት ሰው ይህን ያውቀዋል። አንድ እፍኝ አንስታችሁ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋችሁ እዩት። አረንጓዴው ፍሬ ላይ የተጣበቀች ነጭ ነጥብ አለች። የነቀዝ እንቁላል ናት። ትሉ ከእሷ ወጥቶ ፍሬውን እዚያው ይበሳና ይገባል። ውስጡን እየበላ ያድጋል። በእኛ ሙቀት አንድ ወር አካባቢ ሲሆነው በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። የወጣችው ሴቷ ደግሞ በተራዋ ሌላ ፍሬ ላይ ትጥላለች። ክፋቱ፣ ጣጣው የሚጀምረው ቤት ውስጥ አይደለም። ነቀዙ ማሳ ላይ ሳለ ነው ቆባው ላይ የሚጥለው። ጎተራውን የቱንም ያህል ብትጠርጉት እንግዳው ከእህሉ ጋር አብሮ ይገባል።

ከረጢቱ ታስሮ ሲቀር እነዚሁ ነቀዞች ራሳቸው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል። ኦክስጅኑ ሲያንስ መብላት ያቆማሉ። ይህን ሳነብ በጣም የገረመኝ የሚሞቱበት መንገድ ነው። የደረቀ እህል ውስጥ የሚጠጣ ውኃ የለም። ነቀዝ ውኃ የሚያገኘው የበላውን በኦክስጅን እያቃጠለ ከራሱ ሰውነት ውስጥ ነው። ኦክስጅን ከሌለ ውኃም የለም። በጥም ደርቆ ይሞታል ማለት ነው። የፐርዱዎቹ ተመራማሪዎች ይህን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

እናቴ መጀመሪያ አልተቀበለችውም። «እህል ትንፋሽ ይፈልጋል እኮ ልጄ፤ አፍነሽ ዘሬን ልትገድይብኝ ነው?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው እህልን ማናፈስ፣ ፀሐይ ማሞቅ፣ አመድ መቀላቀል ነው። እርጥብ እህል ከታፈነ ደግሞ በእርግጥም ይሻግታል። ተስማምተን ግማሹን በፒክስ፣ ግማሹን እንደ ወትሮው በማዳበሪያ አስቀመጥን።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ምክንያቱም ከረጢቱ «አይሠራም» የሚሉት ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። እህሉ መድረቅ አለበት። ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ባይገባ ጥሩ ነው። መለኪያ መሣሪያ ገበሬ ቤት የለም፤ ጨው ግን አለ። ደረቅ ጨው ውሰዱ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህል ከጨው ጋር ጨምሩና ክዳኑን ግጠሙ። ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው፤ ሸራ ላይ መልሱት። ጨው ሁሉ ወደ ታች ከወረደ ማስገባት ትችላላችሁ። እናቴን ከማንም ማብራሪያ በላይ ያሳመናት ይህ ጨው ነው።

አስተሳሰሩም ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ላስቲኮቹን በየተራ በአየር ነፍታችሁ ጨመቅ አድርጉ። ቀዳዳ ካለ ሲተነፍስ ይሰማል። እህሉን ስትሞሉ እየጠቀጠቃችሁ ነው፤ አየር መቅረት የለበትም። ከዚያ የውስጠኛውን አንገት አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፣ እጠፉት፣ በገመድ ጠፍሩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በመጨረሻ የውጪውን። ሦስቱን አንድ ላይ ሰብስቦ በአንድ ገመድ ማሰር ገንዘብን መጣል ነው። ለመጠምዘዝ አንገቱ ረዘም ማለት ስላለበት እስከ አፉ አትሙሉት።

ከፋሲካ በኋላ ከፈትነው። የማዳበሪያው ማሾ እጅ ሲገባበት ይሞቃል። ከላዩ ነቀዝ ይርመሰመሳል፣ ሲዘግኑት ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። የፒክሱ አረንጓዴነቱ እንዳለ ነበር። ጥቂት ቀዳዳ ያለው ፍሬ አልጠፋም፤ ከማሳ ይዞት የገባው ነው። በሕይወት ያለ ነቀዝ ግን አላየንም። እናቴ ቃሏን ሳትሰጥ በፊት እርጥብ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፍሬ በትና ጠቀለለችው። በቀለ። «አልሞተም» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አላከራከረኝም። የሸጥነውንም ከመኸሩ ሰሞን በተሻለ ዋጋ ነው የሸጥነው።

ይህን ከረጢት አጥብቄ የምደግፍበት ዋና ምክንያት ግን ዋጋ አይደለም፤ ኪኒኑ ነው። ገበያ ላይ በፍሬ እየተቆጠረ የሚሸጠውን የነቀዝ ኪኒን ማለቴ ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ነቀዝ ብቻ ለይቶ አይገድልም። እኛ ሀገር እህሉና ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት። በሩ ተዘግቶ፣ አጠገቡ ሕፃን ተኝቶ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ኪኒን ይደረጋል። ሳስበው ያመኛል። ፒክስ ያለበት ቤት ይህን ኪኒን አያስፈልገውም። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ነው።

ጉድለቶቹንም ልናገር። አይጥ አይከለክልም። እህሉን ካሸተተች ሦስቱንም በስታ ትገባለች፤ ላስቲኩ አንዴ ከተቀደደ ደግሞ ጥቅሙ አለቀ። ርብራብ ሠርታችሁ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ድመት ብትኖር ደግሞ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ በየጊዜው ለሚከፈት እህል አይሆንም። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። ለወጥ የሚቀነሰውን ለብቻው አስቀምጡ፤ ፒክሱን ለዘርና ለሚቆይ ሽያጭ ተዉት። ሦስተኛ፣ ባለ 100 ኪሎው ለብቻዋ ቤት ለምታስተዳድር ሴት ከባድ ነው። ባለ 50 ኪሎው ይሻላል፤ እሱ ግን በቀላሉ አይገኝም። ዋጋውም ከተራ ማዳበሪያ በብዙ ይበልጣል። ሆኖም አንዱ ከረጢት ከጥቂት ኪሎ ማሾ ዋጋ አያልፍም፣ ካልተቀደደ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። ነቀዝ ከሚወስደው ጋር ስታሰሉት ውድ አይደለም።

ለሁሉም ሰው ግን ግዙ አልልም። የምንጃር ሰው ለጤፍ እንዳያባክነው፤ ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም። ለሽምብራው ግን ይግዛ፤ ሽምብራ የነቀዝ ወዳጅ ነው። መንዝ ላይ ለገብስ የሚያጣድፍ ነገር የለም፤ ብርዱ ራሱ ነቀዙን ያዘገየዋል። ከጣርማ በር በታች ያለን፣ ማሾና ማሽላ የምናመርተው ግን ያስፈልገናል። በተለይ ራሳ የተባለውን የተሻሻለ የማሾ ዝርያ ለዘር ይዛችሁ ከሆነ። መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ነው። ተመራማሪው ስንት ዓመት የደከመበትን ዘር በማዳበሪያ ማስነቀዝ ያሳዝናል።

ስትገዙ እዚያው ሱቁ ላይ ፍቱትና እጃችሁን አስገቡ። እኛ ከአንድ ሱቅ አንድ ላስቲክ ብቻ ያለው ሸጠውልናል። መልሰን ስንወስደው «ያው ነው» አሉን። ያው አይደለም። አንዱ ቢበሳ ሁለተኛው እንዲይዝ ነው ሁለት የሆነው። ቁጠሩ፣ ንፉት፣ ከዚያ ክፈሉ።